ቡፌ ዳዋሽ፦ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሆቴል

ቡፌ ዳዋሽ በአፋር ክልል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ፣ ምግብ፣ መጠጥና አልጋ የሚገኝበት ሆቴል ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የምድር ባቡር ልጅ ነው፤ በአዲስ አበባው ባቡር ጣቢያ በለገሃር ያለውን «ቡፌ ደ ላ ጋር» የተባለ ሆቴል የሚያውቅ ሰው ዓይነቱን ወዲያው ይለየዋል።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የገባው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ድሬዳዋ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዋሽ በሁለቱ መካከል ስለሆነ ጣቢያውም ቡፌውም ከዚህ ሁለተኛ ዙር ሥራ በፊት ሊኖሩ አይችሉም፤ የሆቴሉን ዕድሜ ወደ ኋላ የሚስቡ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ።

ሆቴሉን የወለደው የባቡሩ የጉዞ ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንገደኛ ባቡር በሌሊት አይነዳም ነበር። ጠዋት ከጅቡቲ የተነሣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድርና በሦስተኛው ቀን ለገሃር ይወርዳል። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ለሚሆን መንገድ ሦስት ቀን ዛሬ ቢያስቅም፣ በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ ከነበረው ጉዞ ጋር ሲተያይ ተአምር ነበር። አዋሽ ያኔ ገና ከተማ አልነበረም። ነጋዴው፣ ቆንስሉ፣ ሚሲዮኑ፣ አዳኙ ሁሉ አቧራውን እያራገፈ ከባቡር ሲወርድ ራት የሚበላበትና ጎኑን የሚያሳርፍበት ቤት ያስፈልገው ነበር። አገራችን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ እንግዳን በአብዛኛው የተቀበለችው በዚሁ ሐዲድ ነው፤ በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል የመጡት ልዑካን ሳይቀሩ በአዋሽ በኩል አልፈዋል።

በጣልያን ወረራ ጊዜ ሊቶሪና የምትባለው ፈጣን ባለሞተር ባቡር መጥታ ጉዞውን አፋጠነችው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያኖች ሲያፈገፍጉ የአዋሽን ድልድይ አፈረሱት።

ጃንሆይ በቡፌው አርፈዋል ይባላል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ጄኔራል ደ ጎልም አድረውበታል የሚል ወሬ አለ፤ በነሐሴ 1958 ዓ.ም. የመጡት ግን ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለነበር ይህኛው ትንሽ ይከብዳል። ቢሆንም «የደ ጎል ክፍል» ብሎ በር የሚከፍትልዎት ሰው ካጋጠመዎት አይከራከሩት።

ስለ ደርግ ዘመን አዋሽ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው በጥር 1977 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ ነው። የመንገደኛ ባቡር ከከተማው አቅራቢያ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ።

ቤቱ ለሙቀት የተሠራ ነው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ዝቅ ስለምትል ቀኑ ያቃጥላል። ሰፊው በረንዳ ቡገንቪሊያ ወርዶበታል፤ አበባው ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል፤ ቀዝቃዛ ቢራ አዝዞ ሐዲዱን እያዩ መቀመጥ ደግሞ የቤቱ ዋና ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት ግሪካዊት ሴት ሲሆኑ ደንበኛው ሁሉ «ማዳም» ይላቸው ነበር። የአውሮፓ ምግብ ከጥብስና ከእንጀራ ጎን ለጎን የሚቀርብበት ልማድም የዚያ ዘመን ውርስ ነው። አሮጌዎቹ ክፍሎች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ዕቃቸው ጥቂት ነው፤ አልጋ የሚይዝ ሰው ሻወሩ የግል ይሁን የጋራ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህ እንግዳው የሚመጣው በመኪና ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዋሽ በኩል ቢያልፍም የራሱ ሐዲድና የራሱ ጣቢያ አለው፤ የሐዲዱ ስፋት እንኳ ከቀድሞው አንድ ሜትር ጋር አይገጥምም። ከሆቴሉ ብዙም ሳይርቁ የአዋሽ ወንዝ ገደል ይታያል። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክና የፈንታሌ ተራራም ቅርብ ናቸው። አፋሩና ከረዩው የሚገናኙበት የከተማዋ ገበያ ሰኞ ስለሚውል፣ እሱን ማየት የሚፈልግ መንገደኛ እሑድ ማታ ገብቶ ቢያድር ይመረጣል።