ከሰይፉ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ወር በ23፣ ባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከጣና ዳር ገጠር የመጡ ናቸው። ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ ጣል አድርገው ብርሃኑን ይሸሻሉ። ትንሽ ቆይተው ዘወር አሉና «ልጄ፣ ዐይንህ ደኅና ያያል?» አሉኝ። «አዎ እናቴ» አልኳቸው። ከማተባቸው ጋር የታሰረች ወረንጦ ፈትተው ሰጡኝ። «እስቲ ይችን ፀጉር ንቀልልኝ። ወግታ ገደለችኝ።»

የዐይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ይፍቃል። ትራኮማ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ነቀልኩላቸው። አራተኛዋ በጣም አጭር ናት፤ ወረንጦው አልይዝ አላት። እሳቸው ግን እንባቸውን ጠርገው መረቁኝ። «ሐኪሞች መጥተው ይሠሩልሻል ተብዬ ነበር። መንገዱ ተዘጋና ቀሩ» አሉኝ።

ትራኮማ ፊት በንጹሕ ውሃ በመታጠብና በመድኃኒት የሚገታ በሽታ ነው። ቆቡ ከታጠፈ በኋላም በጤና ጣቢያ ተሠርቶ በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚያስገባ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለው። ክልላችን ግን በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ያውም ጣናን የሚያህል ባሕር ደጃችን ተንጣልሎ። ሐይቁ ዳር ተወልዶ ንጹሕ ውሃ ያልደረሰው ሰው አለ። ዳር ላይ የሚራጩ ልጆችም ቢልሃርዝያ ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ።

ቤት ስገባ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14ን ገለጥኩ። ጌታችን ሊዋጋ ስለሚወጣ ንጉሥ ይናገራል። ንጉሡ አስቀድሞ ይቀመጣል። በ10 ሺህ ሰው 20 ሺህ ይዞ የሚመጣበትን ይችል እንደሆነ ያስባል። ካልቻለ፣ ያኛው ገና ሩቅ ሳለ መልእክተኛ ልኮ ዕርቅ ይለምናል። ምሳሌው የተነገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት እንደሆነ አውቃለሁ። ጌታችን ግን ምሳሌውን ያነሣው ማንም ከማይክደው ነገር ነው። ጦር የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ይቁጠር።

የዘመናችን ነገሥታት የሚቆጥሩት ግማሹን ብቻ ነው። ወታደሩን ይቆጥራሉ፣ ጥይቱን ይቆጥራሉ። እኒያን እናት ማን ቆጠራቸው? የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም እንዳወጣው፣ በፈረንጆቹ 2024 ዓለም ለጦር ያወጣችው ወደ 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ነው። በቀን ሲካፈል ከ7 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። በዚያ ገንዘብ ስንት የውሃ ጉድጓድ እንደሚቆፈር ለማስላት ሞከርኩና ተውኩት። ይህን ሒሳብ ከእኔ በፊት የሠራው ራሱ የጦር ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩትን ኃይሎች በአውሮፓ የመራው ጄኔራል አይዘንሃወር፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በ1953 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር፣ የአንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች አንዳንድ ዘመናዊ የጡብ ትምህርት ቤት ያሠራል ብሏል። እያንዳንዱ ጠመንጃም ከተራበው ሰው የተሰረቀ ነው አለ። ጦርነትን በዐይኑ ያየ ሰው ነው ይህን ያለው።

የፈረንጅ ሒሳብ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጋፋት አለ። ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ወንጌል ሊያስተምሩና የእጅ ሙያ ሊያሳዩ የመጡ ሚሲዮናውያን እዚያ በዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው መድፍ የተሠራው በእነሱ እጅ ነው። ከዚያም ሕዝብ ለወራት ገደል እየቆረጠ፣ መንገድ እየጠረገ ወደ መቅደላ ጎተተው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሀገራቸውን ከልባቸው ይወዱ ነበር፤ እኔ ልፈርድባቸው አልችልም። ነገር ግን ያ ሁሉ ጉልበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አላዳናቸውም። «ንጉሥ በሠራዊቱ ብዛት አይድንም» ይላል ዳዊት። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

«ታዲያ ሀገር ያለ ጠባቂ ይቅር ወይ?» የሚለኝ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን መጽሐፈ ነህምያ ላይ አገኛለሁ፣ እዚህ ላይም ረጋ ብላችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ምዕራፍ 4 ላይ የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩት ሰዎች በአንድ እጃቸው ይሠራሉ፣ በአንድ እጃቸው መሣሪያ ይይዛሉ። ይህን ጥቅስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰልፍ ላይም መድረክ ላይም ሲጠቀስ ሰምተናል። ምዕራፍ 5ን ግን ማን ይጠቅሳል? ጠላት ገና ደጅ ላይ ነው። ሰይፉም ገና ከወገባቸው አልወረደም። በዚያው መሐል የድሆች ጩኸት ይነሣል። «እርሻችንን፣ ወይናችንን፣ ቤታችንን አስይዘን እህል ልንሸምት ነው፤ ልጆቻችንን ለባርነት እየሰጠን ነው» አሉ። ነህምያ «አሁን ጦርነት ላይ ነን፣ ቆይተን እናየዋለን» አላለም። ተቆጣ። ታላላቆቹንና ሹማምንቱን ፊት ለፊት ወቀሳቸው። ጉባኤ ጠርቶ መሬቱን፣ ወይኑን፣ ቤቱን አስመለሰ። ራሱም ለ12 ዓመት የገዥነት ቀለቡን አልበላም፤ በሕዝቡ ላይ ሸክሙ ከብዶ ነበርና።

ድሆችን ሊሰማ በመቆሙ ቅጥሩ ዘገየ? አልዘገየም። ምዕራፍ 6ን እዩ፤ በ52 ቀን አለቀ። እኔ የማምነው፣ ልጁ ከባርነት የተመለሰለት ሰው ድንጋዩን በሌላ ጉልበት አነሣው።

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ለመንግሥታት ብቻ አንስጠው። አንድ ዘመዴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ ክላሽ ገዛ። ፍርሃቱ የእውነት ነው። ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ልጆቹን አቅፎ የሚያድር ሰው ነው፤ ምን ብዬ እፈርድበታለሁ? ክረምት ሲገባ ግን ቀሪው በሬ ብቻውን አያርስም። ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገባ። ጎረቤቱ መጀመሪያ የራሱን አረሰ። የእሱ ተራ እስኪደርስ ዋናው ዝናብ አለፈ። መሣሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጎተራው ባዶ ነው። እኛ ከተማ ያለነው በዚያ ክረምት ስንቶቻችን ደወልንለት? እኔ አልደወልኩም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት እኅት አለች። የእኒያን እናት ነገር ስነግራት «ለምን ይዘሃቸው አልመጣህም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም። የጽዋ ማኅበራችን ለእሳቸው ትራንስፖርትና ለሁለት ቀን ማደሪያ ገንዘብ አዋጥቷል። ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ግን ይበቃል።

በሚመጣው 23 ሳይደወል ቀድሜ ሄጄ ያው ዛፍ ሥር እጠብቃቸዋለሁ። ያቺ አራተኛዋ ፀጉር አሁን አድጋለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።