ቁስል እንዴት ይጠግጋል? ከዘነበወርቅ ሰፈር የተጻፈ ዳሰሳ

ቁስል ጠገገ የምንለው የተቀደደ ወይም የተላጠ ቆዳ ራሱን መልሶ ሲዘጋ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሕዋሳት ናቸው። መልእክት የሚያደርሱትና ማገሩን የሚያቆሙት ደግሞ ፕሮቲኖች። ይህ ጉዳይ በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ ስለማይገኝ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ምሳሌዎቼ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከዘነበወርቅ ናቸው። ስለ ቁስል ከዚህ ሰፈር በላይ የሚያውቅ ሰፈር በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

ሰፈሩና ሆስፒታሉ

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ አጋማሽ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራው ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ የተሰየመው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ነበር። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ ነው። ሰው በሽታውን ስለሚፈራ ሕሙማኑ እንዲርቁ ይፈለግ ነበር። ለመታከም ከሩቅ አገር የመጣው ሰው ወደ ቀዬው መመለስ ሲከብደው እዚያው ጎጆ ቀለሰ፣ ወለደ፣ ከበደ። ዛሬ ከተማው ሰፈሩን አልፎት ሄዷል። የታክሲ ረዳቱ «አለርት! አየር ጤና!» እያለ ይጣራል።

አለርት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሲቋቋም ሙሉ ስሙ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። ስሙ እንደሚለው ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ተምረውበታል። ይህን ስጽፍ ደረቴ ሞላ ብል አልዋሸሁም። በ1962 ዓ.ም. እዚያው ግቢ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ገንዘቡ የመጣው ከኖርዌይና ከስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ነው። ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በፈረንጆቹ 1873 ካገኘው የኖርዌይ ሐኪም ነው። ለሥጋ ደዌ የተቋቋሙ ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ፤ ሐረር አጠገብ ቢሲዲሞ፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ።

ደም ሲፈስ

ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላው ጣታችሁን ቆረጠው እንበል። የተቆረጠው የደም ሥር ወዲያው ይኮማተራል። ከዚያ ፕላትሌቶች ይደርሳሉ። ፕላትሌት ሙሉ ሕዋስ እንኳ አይደለም፤ መቅኒ ውስጥ ካለ ግዙፍ ሕዋስ የተቆረሰ ፍርፋሪ ነው። ቆዳው ሲቀደድ ገልጦ የተወውን ኮላጅን፣ የቆዳውን ማገር የሆነውን ፕሮቲን፣ ሲነካ እዚያው ይጣበቃል፣ ጓደኞቹንም ይጠራል። ደም ውስጥ ሟሙቶ የሚዞር ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። ትሮምቢን የተባለው ኢንዛይም ይቆርጠውና ፋይብሪን ያደርገዋል። ፋይብሪን ክር ነው። ክሮቹ ተጠላልፈው የደም ሕዋሳትን እንደ መረብ ይይዛሉ። ይህ የረጋ ደም ሲደርቅ ቅርፊት እንለዋለን።

ፕላትሌቶች ደም አቁመው ዝም አይሉም። የዕድገት ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች በአካባቢው ላሉ ሕዋሳት የጥሪ ደወል ናቸው።

ጽዳት

መጀመሪያ የሚመጡት ኒውትሮፊሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ በሰዓታት ውስጥ። ያገኙትን ባክቴሪያ ይውጣሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። መግል ማለት በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማክሮፋጆች የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። እኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሠራተኛ የምለው ማክሮፋጅን ነው። የሞተውን ሥጋ ይጠርጋል፣ የደከሙትን ኒውትሮፊሎች ይውጣል፣ ከዚያ ጠባዩን ለውጦ ግንበኞቹን ይጠራል። አፍራሹም አሠሪውም እሱ ነው።

በእነዚህ ቀናት ቁስሉ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ትንሽ ያብጣል። ብዙ ሰው «አመረቀዘ» ብሎ ይደነግጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ጤነኛ ሥራ ነው። እየዋለ እያደረ ከባሰ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ካመጣ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ግንባታ

ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ፋይብሮብላስቶች የሚባሉት ግንበኛ ሕዋሳት ይገባሉ። ኮላጅን ይሠራሉ። ኮላጅን ሦስት ክሮች እንደ ጅራፍ የተገመዱበት ፕሮቲን ነው። ግምዱ እንዲጠብቅ ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። በድሮ መርከበኞች ላይ የቫይታሚን ሲ እጥረት ሲጸና፣ የዳነ ጠባሳቸው እንኳ ተመልሶ ይከፈት ነበር። ብርቱካን ውድ ነው ለሚል ሰው ዘይቱና አለ፣ ጥሬ ቃሪያም አለ። የግንባታው ጡብ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ሽሮና ምስር፣ ከተገኘም እንቁላል፣ የቁስል መድኃኒት ብንላቸው አልተሳሳትንም።

አዳዲስ የደም ሥሮችም ይበቅላሉ። ያኔ የቁስሉ ወለል ቀይ፣ እርጥብና ጥራጥሬ የፈሰሰበት ይመስላል። ሲነካ ቶሎ ይደማል፤ ሥሮቹ ገና ስስ ናቸው። አስታማሚ ያየዋል፣ ይሳቀቃል። ቁስል የምታጥበው ነርስ ግን ደስ ይላታል፤ ሥጋ እየሞላ ነው። ከዳር ደግሞ ኬራቲኖሳይቶች፣ የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት፣ እርስ በርስ እየተከታተሉ ወደ መሀል ይሳባሉ። የሚሳቡት እርጥብ ነገር ላይ ነው።

«አየር ያግኘው» የሚለው ምክር የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1962 የአሳማ ቁስል ላይ አይቶታል። በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀለት ቁስል፣ ተገልጦ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ለበሰ። ቅርፊቱ ሲደርቅ ሕዋሳቱ ከሥሩ ለመሳብ ጠልቀው መሄድ አለባቸው።

በየቤታችን ቁስል ላይ ቡና ይነሰነሳል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ማር ይደረጋል። ከሦስቱ ማር ቁም ነገር አለው። ስኳሩ ለባክቴሪያ ውሃ አያስተርፍም፣ አሲድነቱም አይመቻቸውም። ሐኪም ቤት የሚጠቀመው ግን ከጀርም የጸዳ ማር ነው። የገበያው ማር እንዲያ አይደለም። ቡናና ቅቤን እንድንተው እመክራለሁ።

ጠባሳ

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚቆይ የእድሳት ሥራ አለ። መጀመሪያ በጥድፊያ የተሠራው ዓይነት ሦስት ኮላጅን እየፈረሰ ዓይነት አንድ ይተካዋል። በሦስተኛው ሳምንት የቦታው ጥንካሬ ከጤነኛ ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። መጨረሻ ላይም ከ80 በመቶ ብዙ አያልፍም። ስፌቱ ወጣ ተብሎ በማግስቱ ውሃ በጄሪካን መሸከም ልክ አይደለም። በጠይም ቆዳ ላይ ጠባሳው ከልክ አልፎ የሚያብጥበት ኬሎይድም በብዛት ይታያል።

የደነዘዘ እግር

አሁን ወደ አለርት ልመለስ። ለብዙ ዘመን ሥጋ ደዌ ሥጋ ይበላል ተብሎ ይታመን ነበር። አይበላም። ባክቴሪያው የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ በተለይ ነርቭን የሚለብሱትን ሽዋን የሚባሉ ሕዋሳት። እግር ይደነዝዛል። ላቡም ይቆማል፤ ቆዳው ይደርቅና ተረከዝ ይሰነጠቃል። እኛ ጫማችን ውስጥ ጠጠር ሲገባ ሦስት እርምጃ ሳንሄድ እናወልቃለን። እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ጠጠሩን ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል።

ህንድ ውስጥ የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ ይህን ለዓለም በማስረዳት ይታወቃል። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ሥጋ እንደማንኛችንም ሥጋ ይጠግጋል፤ ዕረፍት ካገኘ። በየእርምጃው የሚረገጥ ቁስል ጽዳቱ ላይ ይቀራል። ኒውትሮፊሎች ቦታውን አይለቁም። ኮላጅን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች በዝተው አዲሱን ግንብ በየቀኑ ይንዱታል። የዕድገት ፕሮቲኖቹም አብረው ይቆረጣሉ። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ያኛው የደም ዝውውር ችግርም ይጨመርበታል። ከፕላትሌት ዕድገት ፕሮቲኖች የአንዱ በላብራቶሪ የተሠራ ቅባት በፈረንጆቹ 1997 አሜሪካ ውስጥ ለስኳር ቁስል ተፈቅዷል። እግሩ ካላረፈ ግን ቅባት ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ስለዚህ ሕክምናው ጀሶ ነው፣ ክራንች ነው፣ ከሥሩ ለስላሳ ጎማ ያለው ጫማ ነው። በሽታው ራሱ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰዱ መድኃኒቶች ይድናል። የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም። ስለዚህ ሰውየው ዕድሜ ልኩን እግሩን ይጠብቃል።

የሰፈራችን እናቶች ይህን ሲያደርጉ አይቼ ነው ያደግኩት። ማታ የፕላስቲክ ሳፋ ላይ ውሃ ይሞላል። ሙቀቱን የሚለካው ልጅ ነው፤ የእናቶቹ እግርም እጅም ስለማይነግራቸው። ሃያ ደቂቃ ይነከራል። የጠነከረው ቆዳ በሸካራ ድንጋይ ቀስ ተብሎ ይፈተጋል። ውሃው ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባል፤ እርጥበቱን እንዲይዝ። ከዚያ ተረከዙ በመብራት ይታያል፣ ጣቶች መሀል ይታያል፣ ጫማው ተገልብጦ ይራገፋል። አንዳንድ ማታ ሚስማር ይወድቃል።