ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፦ ትርጉሙን ከርዕደ መሬት እርዳታ ጋር ስናየው

ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። መዋጮ ሲሰበሰብ ይነገራል፣ ሥራ ሲከፋፈል ይነገራል፣ የተቸገረ ሰው ሲረዳም ይነገራል። አብዛኞቻችን የምንረዳው «ሰው ሲበዛ ሸክም ይቀላል» ብለን ነው። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ትልቅ ርዕደ መሬት ደርሶ ከመላው ዓለም እርዳታ ሲጎርፍ ነውና በዚያ በኩል ላስረዳው።

መጀመሪያ መነሻው። እንደ አብዛኛው ተረትና ምሳሌ ይሄም ደራሲ የለውም፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ከራሱ ከሎሚው ነው። ሎሚ ትንሽ ናት፣ አትከብድም። ግን ክብ ናት፣ ትንሸራተታለች። ሃምሳውን አንድ ሰው ክንድ ላይ ከምሩበትና ጥቂት ሳይራመድ አንዷ ትወድቃለች፣ እሷን አነሳለሁ ብሎ ሲያጎነብስ አሥሩ ይበተናሉ። አንድ ብቻ የያዘ ሰው ግን እያገላበጠ፣ እያሸተተ ይሄዳል። ሽታዋ ደስ ይላል፣ ቀለሟ ያምራል። ጌጥ የተባለችው ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ተረቱ የሚሠራው ሃምሳው ሰው አንድ አንድ ሲይዝ ነው። ሃምሳ ሰው መጥቶ ሁሉም አንዷን ሎሚ ቢሻማ አርባ ዘጠኙ መሬት ላይ ይቀራል። ሁሉም የየራሱን ሎሚ ይዞ ቢመጣ ደግሞ ሎሚው መቶ ይሆንና ሸክሙ ተመልሶ ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ማን የትኛውን ይያዝ ብሎ የሚያከፋፍል ሰው በተረቱ ውስጥ አልተጠራም፣ ያለ እሱ ግን ተረቱ ባዶ ነው።

አርመኒያን እንይ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1988 የስፒታክን ከተማ ያወደመው ርዕደ መሬት 25 ሺህ ያህል ሰው ገደለ። አርመኒያ ያኔ የሶቪየት ኅብረት አካል ነበረች። የኅብረቱ መሪ ጎርባቾቭ ኒውዮርክ ነበሩ፣ ጉብኝታቸውን አቋርጠው ተመለሱ፤ ለውጭ እርዳታ ተዘግቶ የኖረው በርም ተከፈተ። ዓለም ከልቡ አዘነ፣ ያለውን ላከ። መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ብቻ 5 ሺህ ቶን ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ልገሳ ባወጣው መመሪያ ላይ እንደሰፈረው፣ የመጣው መድኃኒት ምን ምን እንደሆነ በቅጡ ለማወቅ 50 ሰው ስድስት ወር ፈጅቶበታል። አዎ፣ 50 ሰው። ከመድኃኒቱ 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነበር፣ 4 በመቶውን ውርጭ አበላሸው፣ ከቀረው ደግሞ በቀላሉ ተለይቶ የታወቀው 30 በመቶው ብቻ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ላይ የተጻፈው የንግድ ስሙ ብቻ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ቁስለኛው ደጅ ላይ ተኝቶ የሰለጠነ ሰው ካርቶን ሲፈታ ሲውል። የላኩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ለእያንዳንዳቸው የላኩት ነገር ጌጥ ነበር፣ መጋዘን ሲደርስ ሸክም ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ሥርዓት መያዝ የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓለም አቀፍ የፍለጋና የነፍስ አድን ቡድኖችን የሚያስተባብረው ኢንሳራግ የተባለው መረብ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ 46/182ን አጸደቀ። ይህ ውሳኔ ለአስቸኳይ እርዳታ አንድ አስተባባሪ እንዲሾም አደረገ፤ ዛሬ ኦቻ ብለን የምናውቀው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮ ሥሩ እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሌላ ነጥቡን ነው፦ እርዳታን የመምራትና የማስተባበር ቀዳሚው ኃላፊ የተጎዳው አገር ራሱ ነው ይላል። የሎሚው ባለቤት ማን እንደሆነ በጽሑፍ ተቀመጠ ማለት ነው።

መሬት ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ መቀበያ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ከውጭ የመጣ ቡድን ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይመዘገባል። ስንት ናችሁ? ውሻ ይዛችኋል? ኮንክሪት መቁረጫስ? ነዳጅ ትፈልጋላችሁ? ስንት ቀን ትቆያላችሁ? ቡድኖቹ አስቀድመው በደረጃ ይመዘናሉ፤ «ከባድ» የሚባለው ቡድን በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ፣ ቀን ከሌት ለ10 ቀን መሥራት የሚችል፣ ምግቡንም ውኃውንም ራሱ ይዞ የሚመጣ መሆን አለበት። ከምዝገባው በኋላ ከተማው በካርታ ላይ ተከፋፍሎ አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ ይባላል።

ፍርስራሹ ጋ ሲደረስ ግድግዳ ላይ በቀለም የሚሣል አራት ማዕዘን አለ። ውስጡ የቡድኑ መለያ፣ የተሠራው የፍለጋ ደረጃና ቀኑ ይጻፋል። ሰው ያለበት ቦታ አጠገብ ቪ የምትባለዋ የላቲን ፊደል ትሣላለች፣ ከሥሯ ኤል ካለ በሕይወት ያለ ሰው አለ ማለት ነው፣ ዲ ካለ የሞተ፣ ቁጥሩም አብሮ ይሰፍራል። ሰው ሲወጣ የድሮው ቁጥር ተሰርዞ አዲሱ ይጻፋል። ከሌላ አገር የመጣ፣ የዚያን አገር ቋንቋ አንድ ቃል የማያውቅ አዳኝ ግድግዳውን ዐይቶ በሰከንድ ውስጥ ይገባዋል። ይህ ባይኖር ሁለተኛው ቡድን ተፈልጎ ያለቀ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ሲቆፍር ይውላል፣ ከጎኑ ያለው መንገድ ላይ ሰው እየተጣራ። ርዕደ መሬት ላይ ሰዓት ነፍስ ነው። ደግሞም ከሁሉ በፊት የሚደርሰው ጎረቤት እንጂ የውጭ ቡድን አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙውን ሰው በእጁም በአካፋም የሚያወጣው እሱ ነው።

ሥርዓት ተጽፎ መቀመጡ ብቻ ግን አያድንም። ሄይቲ ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 መጠኑ 7.0 የሆነው ርዕደ መሬት ሲመታ፣ ያስተባብራሉ የተባሉት ሰዎች ራሳቸው ከፍርስራሽ ሥር ገቡ። የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ዋና መሥሪያ ቤት ተደረመሰ፣ የተልዕኮው ኃላፊ ሄዲ አናቢም እዚያው ሞቱ። የዋና ከተማዋ የፖርቶ ፕሪንስ ወደብ ከጥቅም ውጪ ሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው አንድ ማኮብኮቢያ ነበረው፣ መቆጣጠሪያ ማማውም ተጎድቶ ነበር። እርዳታ የጫኑ አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ ተራ ጠበቁ፣ የሐኪሞች ዕቃ የጫኑ ሳይቀሩ ወደ ጎረቤት አገር የተመለሱ ነበሩ።

እኔን የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እርዳታው በዘርፍ በዘርፍ ተከፍሎ፣ ጤናው ለብቻ፣ ውኃው ለብቻ፣ መጠለያው ለብቻ፣ ስብሰባ ይደረግ ነበር። ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ2005 ፓኪስታን ላይ በደረሰው ርዕደ መሬት ጊዜ መጀመሪያ የተሞከረ ነው፣ ሐሳቡም ጥሩ ነው። ሄይቲ ላይ ግን ብዙዎቹ ስብሰባዎች በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ይካሄዱ ነበር። ሕዝቡ የሚናገረው ክሬዮልና ፈረንሳይኛ ነው። ግቢው ለመግባት መታወቂያ ይጠይቃል። የትኛው ሰፈር ውኃ እንደሌለው፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ከማንም በላይ የሚያውቀው የአገሬው ማኅበር ደጅ ቀረ። በራስህ ቤት ሐዘን ላይ እንግዳ መሆን ማለት ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ርዕደ መሬት የመታት ኔፓል ሌላ ነገር አሳየች። ዋና ከተማዋ ካትማንዱም አንድ ማኮብኮቢያ ነው ያላት። ግዙፎቹ አውሮፕላኖች ሲደጋገሙባት ተሰነጣጠቀች፣ ባለሥልጣናቱም ከ196 ቶን በላይ የሚከብድ አውሮፕላን እንዳያርፍ ከለከሉ። መልካም ልብ ብቻውን ማኮብኮቢያ አያጠነክርም።

ሶርያ ደግሞ ከሁሉም ታሳዝናለች። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 መጠኑ 7.8፣ ከዘጠኝ ሰዓት ያህል በኋላ ደግሞ 7.5 የሆነ ርዕደ መሬት ደቡብ ቱርክንና ሰሜን ሶርያን መታ። ቱርክ ወዲያው ዓለም አቀፍ እርዳታ ጠራች፣ ቡድኖች ጎረፉ። ከድንበሩ ማዶ ያለው ሰሜን ምዕራብ ሶርያ ግን በጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ለተባበሩት መንግሥታት እርዳታ የተከፈተለት ባብ አል-ሐዋ የተባለ አንድ መሻገሪያ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ተሽከርካሪ የተሻገረው በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ተጨማሪ መሻገሪያዎች ለመክፈት ስምምነት የተገኘው ፌብሩዋሪ 13 ቀን፣ ማለትም ርዕደ መሬቱ ከመታ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ኃላፊ ማርቲን ግሪፊትስ ራሳቸው የሰሜን ምዕራብ ሶርያን ሕዝብ እንዳልደረስንለት በአደባባይ ተናገሩ። እዚያ ተሸካሚው ሰው አልጠፋም ነበር። ከፍርስራሹ ሰው ሲያወጡ የነበሩት ነጭ ቆብ ለባሾቹ የአገሬው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፣ የጎደላቸው መሣሪያና ነዳጅ ነበር።

እንግዲህ ይህን አባባል «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለው ጋር አንድ አድርገው የሚጠቀሙበት አሉ። ይቀራረባሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ድሩ ስለ ኅብረት ጉልበት ይናገራል፣ ሎሚው ስለ ድርሻ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ማን ምን እንደሚሠራ ባልታወቀበት ሰዓት የሚጠቀሰው ሎሚው ነው።

ሩቅ ሆነን እንርዳ ለምንል ሰዎችም ቀጥተኛ ምክር ይወጣዋል። አደጋ በሰማን ቁጥር አሮጌ ልብስና የተረፈ መድኃኒት ወደ መሰብሰብ እንሮጣለን። ባይሆን ይሻላል። ገንዘብ ካለ እዚያው ሥራ ላይ ላለ ድርጅት ገንዘብ ላኩ፤ ብርድ ልብሱን ከቅርብ ገበያ ይገዛዋል፣ አውሮፕላን ላይ ቦታ አይሻማም፣ የሚለየው ሰውም አይፈልግም። ዕቃ መላክ ግድ ከሆነ ደግሞ ከቦታው ዝርዝር እስኪመጣ ጠብቁ። መድኃኒት ከሆነ፣ ያው ከአርመኒያ የተማረው መመሪያ እንደሚለው፣ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው ይሁን፣ ካርቶኑ ላይም የመድኃኒቱ መደበኛ ስም ተቀባዩ ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ።