ከሬዲዮ ሞገድ የሚለቀም ኃይል፦ ለጅማ የቡና መጋዘን ይሆናል?

ጅማ ውስጥ፣ ሄርማታ ገበያ መሀልም ሆነ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ የሬዲዮ ሞገድ የሌለበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የሞባይል ማማው፣ ዋይፋዩ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ቀን ከሌት ይለቁታል። ከዚህ ሞገድ ጥቂቱን ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ በመቀየር ትንንሽ ገመድ አልባ ሴንሰሮችን (መለኪያ መሣሪያዎችን) ያለ ባትሪ ማሠራት ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንቴና ሞገዱን ይይዛል፣ ዳዮድ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይቀይረዋል፣ ካፓሲተር ያጠራቅመዋል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የድሮው ክሪስታል ሬዲዮ ባትሪ አልነበረውም፤ የሚሰማው ከጣቢያው በሚደርሰው ሞገድ ኃይል ብቻ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊያም ብራውን ከመሬት በተላከ ማይክሮዌቭ አነስተኛ ሄሊኮፕተር አብርሯል።

ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ከማማ ራቅ ሲባል የሚለቀመው ኃይል ከአንድ ማይክሮዋት (ከዋት አንድ ሚሊዮንኛ) በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የቡና መጋዘን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የደረቀ ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ብዙ ካለፈ ሻጋታ ያሰጋዋል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ የዋዛ አይደለም። እርጥበቱን የሚከታተል ሴንሰር ቢገባ፣ መጋዘኑ ጨለማ ስለሆነ ሶላር አይሠራለትም። በጆንያ ክምር መሀል እየገቡ ባትሪ መቀየርም ራስ ምታት ነው። የቆርቆሮው ጣሪያና ግድግዳ የውጭውን ሞገድ ስለሚመልስ ማማውን መጠበቅ አያዋጣም፤ አንድ የሞገድ ማሰራጫ እዚያው ውስጥ መስቀል ይሻላል። በእርግጥ ለፍሪኩዌንሲው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደንብ መታየት አለበት።

እናስላው። በ900 ሜጋኸርዝ 1 ዋት በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚለቅ ማሰራጫ፣ 5 ሜትር ርቆ ላለ ተራ አንቴና 28 ማይክሮዋት ገደማ ያደርሳል። በ10 ሜትር 7 ብቻ ይሆናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳልና። ከዚያም ላይ ዳዮዱ ቀረጡን ይቆርጣል፤ ሞገዱ በደከመ ቁጥር ደግሞ ቀረጡ ይብሳል። 5 ማይክሮዋት ተረፈ እንበል። እርጥበት ለክቶ ለመላክ 1 ሚሊጁል (አንድ ሺህ ማይክሮዋት ለአንድ ሰከንድ የሚሰጠው ኃይል) ቢበቃ፣ ካፓሲተሩ በ200 ሰከንድ ያጠራቅመዋል። የቡና እርጥበት በደቂቃ ስለማይለዋወጥ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

የሚያስቸግረው ጆንያው ራሱ ነው። ውሃ ሞገድ ይውጣል። ስለዚህ ቡናው በረጠበ ቁጥር ውስጥ የተቀበረው ሴንሰር የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል፣ መልእክቱም ይዘገያል። አንዱ ሴንሰር ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ዝም ማለት ከጀመረ፣ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ያ ጆንያ ነው።