ዲሲሲ ምንድን ነው? በሰው አገር ኤቲኤም ላይ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ

እህቴ ፍራንክፈርት ስትወልድ ላርሳት ከአሜሪካ ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። በሁለተኛው ቀን ለአስቤዛ የሚሆን 200 ዩሮ ላወጣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ካለ ኤቲኤም ፊት ቆምኩ። ካርዴን አስገባሁ፣ የሚስጥር ቁጥሬን ነካሁ። ማሽኑ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ አመጣ። ስክሪኑ ላይ በትልቁ 244 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተጽፏል። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ። አረንጓዴው "ምንዛሪውን እቀበላለሁ" ይላል፣ ቀዩ "አልቀበልም"። ቀዩን ብነካ ገንዘቡ የሚቀርብኝ መሰለኝ። ከኋላዬም ሰው ተሰልፏል። አረንጓዴውን ነካሁ።

ያ ጥያቄ ስም አለው። ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ይባላል፣ ባጭሩ ዲሲሲ። "እዚያው በዚያው የሚደረግ ምንዛሪ" ብንለው ያስኬዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዶላር ካርድ ዩሮ ስታወጡ፣ ዩሮውን ወደ ዶላር የሚመነዝር አካል መኖር አለበት። በተለመደው መንገድ ይህን የሚሠራው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው። የእነሱ ተመን ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ዋጋ ብዙም አይርቅም። በዲሲሲ ግን ምንዛሪውን የሚሠራው የማሽኑ ባለቤት ወይም እሱ የተዋዋለው ድርጅት ነው። ተመኑንም የሚቆርጠው እሱው ነው፣ የራሱን ትርፍ ጨምሮ። ማሽኑ የካርዳችሁን የመጀመሪያ ቁጥሮች አይቶ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ የየት አገር እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ በለመዳችሁት ገንዘብ ያናግራችኋል። ዶላር ሲታይ ልብ ይረጋጋል፣ ከሂሳባችሁ ስንት እንደሚቀነስ ቁርጡን ታውቃላችሁ። ጭማሪውን የምትከፍሉት ለዚህች መረጋጋት ነው።

የኔን እንይ። ያን ሰሞን አንድ ዩሮ 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ገደማ ነበር። ስለዚህ 200 ዩሮ 220 ዶላር መሆን ነበረበት። እኔ 24 ዶላር ከ20 ሳንቲም ጨምሬ ከፈልኩ፣ ማለትም 11 በመቶ። ይኸው 11 በመቶ እዚያው ስክሪን ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። ያየሁት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ነው። ለሁለት ቀን ሽርሽር የሄደ ሰው ይህን አንዴ ከፍሎ ይረሳዋል። ሦስት ወር የሚቆይ ሰው ግን በየሳምንቱ ያወጣል። 12 ጊዜ ሲባዛ 290 ዶላር ነው። ለሕፃኑ ጥሩ ጋሪ ይገዛል።

እኛ የባንክና የጥቁር ገበያ ተመን እያነጻጸርን ያደግን ሰዎች ነን። ዶላር ስንመነዝር ትንሽ ልዩነት ካለች ሌላ ቦታ ሄደን እንጠይቃለን። ማሽን ፊት ስንቆም ግን እጃችን ይፈጥናል። ገንዘብ እያወጣን እንጂ እየመነዘርን እንደሆነ አይሰማንም። ምንዛሪ ነው። ያውም ዋጋው አንድ ሻጭ ብቻ የቆረጠው።

ስለዚህ ሁልጊዜ የቆማችሁበትን አገር ገንዘብ ምረጡ። ጀርመን ከሆናችሁ ዩሮ፣ ኢስታንቡል ከሆናችሁ ሊራ፣ ዱባይ ከሆናችሁ ድርሃም። "አልቀበልም" ማለት ገንዘቡን አያስቀርም። እምቢ ያላችሁት ምንዛሪውን ብቻ ነው፣ ኖቶቹ እንደተለመደው ይወጣሉ። አንዳንድ ማሽን "እርግጠኛ ነህ?" እያለ ደግሞ ይጠይቃል። አሁንም እምቢ በሉ።

ሱቅና ምግብ ቤት ውስጥም ያው ነው። እዚያ የባሰው ነገር አስተናጋጁ ሳይጠይቃችሁ ዶላሩን ሊነካላችሁ መቻሉ ነው። የቪዛም የማስተርካርድም ደንብ ምርጫውን የሚሰጠው ለካርዱ ባለቤት ነው። ቁጥራችሁን ከመንካታችሁ በፊት የካርድ ማሽኑን ወደ ራሳችሁ አዙሩና እዩት። ደረሰኙ ላይ ዶላር ካያችሁም ሳትወጡ "ሰርዘህ በዩሮ ሥራልኝ" በሉ። ከወጣችሁ በኋላ ማስመለስ አድካሚ ነው።

ዲሲሲን እምቢ ማለት ሌሎቹን ክፍያዎች አያስቀርም። ብዙ ባንኮች ካርዱ ውጭ አገር በሠራ ቁጥር እስከ 3 በመቶ ይወስዳሉ። አንዳንዶቹ ዲሲሲን ተቀብላችሁም ይህችኑ ይጨምሩባችኋል። የኤቲኤሙ ባለቤት ደግሞ የራሱን ይቆርጣል። ታይላንድ ውስጥ ለብዙ ጊዜ በውጭ ካርድ ለማውጣት የሚከፈለው 220 ባት ነበር፣ 1,000 ባት አወጣችሁ 10,000 ያው ነው። እንዲህ ባለበት አገር በርከት አድርጎ አንዴ ማውጣት ይሻላል። በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ግን ተውት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል።

ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ካርዱ ውጭ ሲሠራ ስንት በመቶ እንደሚቆረጥ፣ በአንድ ቀንም እስከ ስንት ማውጣት እንደምትችሉ።