«ቦትልድ ኢን ቦንድ» ምን ማለት ነው?

በቡርቦን (የአሜሪካ ውስኪ ዓይነት) ጠርሙስ ላይ ይህን ሲያነቡ የቁጠባ ቦንድ ትዝ ካለዎት፣ እሱ አይደለም። እዚህ ቦንድ የሚባለው በአሜሪካ መንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መጋዘን ነው። ይህን ስያሜ የሚወስነው ሕግ የወጣው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ተራ አልኮል በትምባሆ ጭምር ቀለም እየተሰጠው «ውስኪ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ውስኪው በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ግማሽ ዓመት ውስጥ የወጣ፣ በዚያ መጋዘን ቢያንስ 4 ዓመት በበርሜል የቆየና ልክ 50 በመቶ አልኮል ያለው መሆን አለበት። ከንጹህ ውሃ በቀር ምንም አይጨመርበትም። ያወጣው ፋብሪካም መለያው ላይ ይገለጻል። «ስሞል ባች» (በትንሽ መጠን የተመረተ) እና «ሊሚትድ ኤዲሽን» (በውስን ቁጥር የቀረበ) የሚሉት ጽሑፎች ግን ሕጋዊ ፍቺ የላቸውም፤ በእነሱ ብቻ ውድ ዋጋ አይክፈሉ። ሲቀምሱ አፍዎን ትንሽ ከፈት አድርገው ያሽትቱ፤ አፍንጫዎን ካቃጠለዎት ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ያክሉበት፣ የቫኒላውና የተቃጠለው ስኳር ሽታ ብቅ ይላል።