ጡረተኛው ጎረቤቴና ትንንሾቹ ባቡሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሜሪላንድ ውስጥ ከምንኖርበት ቤት ሁለት በር አልፎ፣ ከፖስታ ቤት ሥራ ጡረታ የወጡ የ76 ዓመት አዛውንት አሉ። ቤዝመንታቸውን ከዳር እስከ ዳር የያዘው ትንንሽ ባቡር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋ እየወረድኩ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ ዘመድ ወዳጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። አንዱ «ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሆናል» ይላል፤ ሌላው «ምስኪን፣ ብቸኝነት ነው» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የምወዳቸው ሰው ስለሆኑ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ያው የልጅ መጫወቻ ነው»

አነሳሱ በእርግጥ ከመጫወቻ ነው። የጀርመኑ መጫወቻ ሠሪ ሜርክሊን በ1891 ላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ የሐዲዱ ስፋት በደረጃ የተወሰነ ባቡር ይዞ ሲቀርብ፣ ያሰበው ለልጆቻቸው የሚገዙ ወላጆችን ነበር። ዛሬ መጫወቻውን ከሞዴሉ የሚለየው ልኬት ነው። ጎረቤቴ የሚሠሩበት ልኬት «ኤችኦ» ይባላል፤ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። 12 ሜትር የሚረዝመው ፉርጎ 14 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ መሰላሉም፣ የበሩ እጀታም፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም በዚያው ልክ ያንሳሉ።

አንድ ጠዋት ስወርድ፣ ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የሚባለውን የባቡር ድርጅት ፉርጎ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ዝገት ሲቀቡ አገኘኋቸው። ቡናማ ጠመኔ በምላጭ ፍቀው ዱቄት አድርገውታል። በቀጭን ቡሩሽ እየነኩ ከጣሪያው ወደ ታች ብቻ ይስቡታል። ለምን ወደ ታች ብቻ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ዝናብ እኮ ወደ ላይ አይዘንብም» አሉኝ። ከዚያ መስመሩ በ1950ዎቹ የተነሳውን ፎቶ አውጥተው ዝገቱ ከየትኛው ብሎን ሥር እንደሚጀምር አሳዩኝ። እዚያች ፉርጎ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆዩ። እኔ በሥራዬ ላይ እንደዚያ ልብ ብዬ የሠራሁበትን ቀን አስቤ ማግኘት አልቻልኩም።

«ባቡር ክብ ሲያዞሩ መዋል አይሰለችም?»

ይሄኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም የነገሩን ዋና ጣዕም ያላየ ሰው ጥያቄ ነው። በወር አንድ ማክሰኞ ማታ ስምንት ዘጠኝ ሰው እሳቸው ቤት ይሰበሰብና ባቡሮቹን እንደ እውነተኛ የባቡር ድርጅት ያሠራል። እያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ አለው፤ ምን እንደጫነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለማን እንደሚደርስ ተጽፎበታል። አንዱ ሰው ባቡሮቹን ማየት በማይችልበት ፎቅ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ስልክና ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ፣ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚወስነው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ከእውነተኛው አራት እጥፍ ይፈጥናል፤ በሦስት ሰዓት ጨዋታ የ12 ሰዓት ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

መጀመሪያ የተሳተፍኩበት ማታ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፦ አንድ የድንጋይ ከሰል ፉርጎ ወስዶ መጋዘን በር ላይ ማቆም። ፉርጎዋ ግን ከአራት ሌሎች ኋላ ተዘግታ ነበር። አራቱን ማውጣት፣ የሚቆሙበት ባዶ ሐዲድ መፈለግ፣ የኔዋን ማስገባት፣ አራቱን በነበሩበት ቅደም ተከተል መመለስ ነበረብኝ። ይህን ሳደርግ ዋናውን መስመር ዘጋሁና የመንገደኛው ባቡር አሥራ አንድ ደቂቃ ዘገየ። ስልኩ ጮኸ። ላቤ ጠብ አለ። ከዚያ ማታ ወዲህ እውነተኛ የጭነት ባቡር ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር፣ ያንን ሰልፍ ማን እንዴት እንዳሰናዳው ሳላስብ አላልፍም።

«ብቸኝነት ነው» ለሚሉትም ያ ማክሰኞ ይበቃ ነበር። ባለቤታቸው ባረፉበት ወር ቤታቸውን ምግብ እየያዙ ተራ ገብተው የጠበቁት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሞዴል ባቡር ወዳጆቹ በማኅበር ከተደራጁ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር የተመሠረተው በ1935 ሚልዋኪ ላይ ነበር። በ1946 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው የተማሪዎች የባቡር ክበብ ደግሞ ከስልክ ማዞሪያ ዕቃዎች የባቡር መቆጣጠሪያ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከአባላቱ መካከል የኮምፒውተር ፕሮግራም ፈር ቀዳጆች ወጥተውበታል። «ሀከር» የሚለው ቃል አሁን ያለውን ትርጉም ማግኘት የጀመረውም እዚያ አካባቢ ነው።

«በባትሪ ነው የሚሄደው፤ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው»

የአብዛኞቹ ኃይል የሚመጣው ከሐዲዱ ነው፤ አንዱ ሐዲድ አንዱን የኤሌክትሪክ ዋልታ፣ ሌላው ሌላውን ይይዛል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በተስፋፋው ዲጂታል አሠራር እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ቁጥር ያለው ቺፕ ስላለው፣ አንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች በየራሳቸው ፍጥነት ይሄዳሉ። ሐዲዱ ዞሮ ወደ ራሱ ሲመለስ ግን ግራው ከቀኙ ይጋጠምና ሾርት ያደርጋል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ መዞሪያ ገጠምኩ፤ መፍትሔው ያን ክፍል በሁለቱም ጫፍ ቆርጦ መለየትና ዋልታውን የሚገለብጥ ዕቃ ማስገባት እንደሆነ እስክረዳ ሁለት ቅዳሜ ሄደብኝ። የዕለት ተዕለት ሥራው ደግሞ ጽዳት ነው፦ ሐዲዱ ትንሽ አቧራ ከያዘ ባቡሩ ይንተባተባል፤ ስለዚህ አዛውንቱ ጠዋት ቡናቸውን ጠጥተው መጀመሪያ የሚያነሱት አልኮል የነካ ጨርቅ ነው።

«የሀብታም ነገር ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ድምፅ ያለው ጥሩ ሎኮሞቲቭ ከ200 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ እሳቸውም አንዱን ለመግዛት ወራት ያጠራቅማሉ። የቀረው ግን ከጓሮ ነው የሚመጣው። አፈሩን ከአትክልታቸው ቆፍረው ያበጥሩታል፣ ምድጃ ውስጥ ያደርቁታል፣ ከዚያ ማግኔት ያዞሩበታል፤ የብረት ቅንጣት ከቀረበት ሞተር ውስጥ ገብቶ ያበላሻልና። ዛፎቹ የደረቀ የአበባ ግንድ ናቸው። ጠጠሩን የሚያጣብቀው በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ ነው፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ካልገባበት ግን ኮላው ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም።

«ለኛ አገር ባቡር አይሆንም»

ይህን ያለው አባቴ ነው፤ ድሬዳዋ ያደገ፣ የምድር ባቡርን ፉጨት ሰምቶ የሚነሳ ልጅ የነበረ። ባለፈው ክረምት ሊጠይቀን መጥቶ አብሮኝ ቤዝመንቱ ወረደ። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ይሄ የነሱ ነው፤ የኛን ማን ይሠራዋል?» አለኝ። ተረጎምኩላቸው። አዛውንቱ እርሳሳቸውን አነሱ። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሁሉንም የሚችል ቤት የለም፤ ስለዚህ ማንም እንደሚያደርገው አንድ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ቀን ይመረጣል። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር በዚህ ልኬት 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይበቃዋል፤ እሱም እንደ ልብ ይገኛል፤ የስዊስ ተራራ ባቡሮችም አንድ ሜትር ስለሆኑ ሞዴላቸው በዚሁ ስፋት ይሸጣል።

አባቴ በማግስቱ ከቦርሳው አንድ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ለገሃር፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ፣ በወጣትነቱ ቆሞ የተነሳው ነው። አዛውንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ «ቁመትህ ስንት ነው?» አንድ ሜትር ከሰባ አራት። ለ87 ሲካፈል ልክ 2 ሴንቲሜትር። ማስመሪያቸውን ፎቶው ላይ አድርገው፣ በሱ ቁመት የሐውልቱን መቀመጫ፣ ከዚያ አንበሳውን፣ ከዚያ የኋላውን የጣቢያ በር እየለኩ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመሩ። አባቴ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠና ፎቶው ውስጥ ያልገባውን፣ በስተቀኝ የነበረውን፣ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ያሳያቸው ጀመር።